ጎንደር ላይ ፎርባይፎር ይሻላል ስፖርት መኪና? ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ጎማውን ይለኩ

ላንድ ክሩዘር 300ም ሆነ ፖርሽ 911 የመግዛት አቅም ያለው ሰው ምርጫ ሲቸግረው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፈረስ ጉልበትና መኪናው ከ0 ወደ 100 በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ነው። አዲሱ 911 ካሬራ በ4 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ላይ ግን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛውና ጉብታው ያንን 4 ሰከንድ አንድ ጊዜም አይሰጡትም። ጎንደር ላይ መኪና የሚፈተነው በኮብልስቶን፣ በዳገት፣ በአቧራ፣ በክረምት ጭቃና ወደ ሊማሊሞ ሲወረድ በፍሬን ነው። ሁለቱን ዓይነት መኪኖች ያወዳደርነውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን ያንብቡ። ላንድ ክሩዘር 200 ላይ 285/60 አር 18 የሚል ያገኛሉ። 285 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 60 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 18 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ሲባዛ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 171 ሚሊሜትር ጎማ አለ ማለት ነው። የ911 የኋላ ጎማ 295/35 አር 20 ነው፤ 103 ሚሊሜትር። የፊቱ 235/40 አር 19 ደግሞ 94 ብቻ።

አሁን 22 ኢንች ቸርኬ የገጠመ ሬንጅ ሮቨር አጠገብ ይሂዱ። 275/40 አር 22 ከሆነ 110 ሚሊሜትር ይወጣዋል። መኪናው ረጅምና ከባድ ነው፣ ስሙም ፎርባይፎር ነው፤ በጎማው በኩል ግን ከላንድ ክሩዘር ይልቅ ለፖርሽ ይቀርባል። ይህ ልዩነት ከሞተሩም፣ ከወንበሩ ቆዳም፣ ከስክሪኑ ስፋትም በላይ ጎንደር ላይ ዋጋ አለው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ጎማው የተቦረቦረ አስፋልት ጠርዝ ወይም ከቦታው የተነሳ የኮብልስቶን ድንጋይ ሲመታ አጭሩ ጎን በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይጨመቃል። ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ይወጣል። ጎሚስታ የመርገጫውን ቀዳዳ ይጠግናል እንጂ ይህንን መጠገን አይችልም፤ ጠግኜዋለሁ ቢልም በዚያ ጎማ ወደ ባሕር ዳር መውጣት አይገባም፤ ፍጥነት ላይ ይፈነዳል። በዚህ ልክ የሚሆን ጎማ ደግሞ ከጎሚስታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ማስፈለግ አለ፤ በአክሰሉ ላይ ያሉት ሁለቱም እኩል ያልተበሉ ከሆነ መግዣው ጥንድ ጥንድ ይሆናል።

911 መጠባበቂያ ጎማ የለውም። የተሰጠው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ለምስማር ይሠራል፤ ለተቀደደ ጎን አይሠራም። ላንድ ክሩዘር ከሥሩ ሙሉ መጠን ያለው መጠባበቂያ ጎማ ይዞ ይሄዳል። ያገለገለ ሲገዙ ግን ያንን ጎማ አስወርደው ይዩት፦ ማውረጃው ሰንሰለት ዝጎ ተጣብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ በጨለማ መንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ ፎርባይፎር ከመረጡ በ18 ኢንች ቸርኬ ይምረጡት። ባለ 20 ወይም ባለ 22ቱ ከተገኘ ወደ ታች ማውረድ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ላንድ ክሩዘር 300 ባለ 18 ይቀበላል፤ ትልልቅ የፍሬን ዲስክ ያላቸው የሬንጅ ሮቨርና የኤኤምጂ መርሴዲስ ሞዴሎች ግን ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ክፍል) ትንሹን ቸርኬ አያስገባም።

ወደ ከፍታው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚሞላው ያነሰ ኦክስጅን ነው። 460 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ባለ 5.0 ሊትር ፎርድ ሙስታንግ እዚህ 360 ገደማ ይሰጣል። 383 የተባለው ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ወደ 300 ይወርዳል። ደባርቅን አልፈው ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ሲወጡ ከዚህም ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ እየጨመቀ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይይዛል፤ በዚህ በኩል 911ም፣ ባለ 3.3 ሊትር ናፍጣው ላንድ ክሩዘር 300ም አንድ ወገን ናቸው። ቱርቦው ግን ይህንን ለማድረግ ከወትሮው በላይ ይሽከረከራል፣ ከወትሮው በላይም ይግላል። ዳገት ወጥተው ሲያበቁ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፤ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት። ዘይቱ በጋለው የቱርቦ ዘንግ ላይ ቆሞ ከነደደ ካርቦን ይሆናል፤ ከጊዜ በኋላም ዘንጉ ይላላና ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ያገለገለ ባለ ቱርቦ መኪና ሲያዩ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ኮፈኑን ከፍተው ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ያስፈቱ፤ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ዱቄት ከመጣ አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ያ አቧራ የቱርቦውን ቢላዎች ይሞርዳል፣ የፒስተኑን ፋሻ ይበላል፤ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። የፊልትሮ ቤቱ ጆሮ ስለተሰበረ ወይም ማሸጊያ ጎማው በቦታው ስላልተቀመጠ ብቻ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ሞተር ያህል ነገር ግን ያስወጣል።

ሌላው በከፍታ የሚመጣ ነገር የራዲያተር ክዳን ነው። በጎንደር ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ በደህናው ጊዜ የሚሠራው በዚያው አካባቢ ነው፤ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና በውስጡ ያለው ኩላንት ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ኩላንቱ ወጥቶ የቧንቧ ውሃ ከተሞላ ጅቡቲ ላይ ገና የማይፈላ ሞተር እዚህ ይፈላል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ይሄዳል። በተለይ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ይህንን ሳያይ አይውረድ፤ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ወቅት አለ፣ መመለሻው ደግሞ ሁሉም ዳገት ነው።

የመሬት ከፍታን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፦ ላንድ ክሩዘር 300 ከሆዱ እስከ መሬት 23 ሴንቲሜትር፣ መርሴዲስ ጂ ክላስ 24 ሴንቲሜትር፣ 911ም ቶዮታ ሱፕራም 12 ሴንቲሜትር ገደማ አላቸው። ሙስታንግ ወደ 14 ይጠጋል። ይሁን እንጂ ሙስታንግ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 2.72 ሜትር ነው፣ የ911 ግን 2.45፤ ስለዚህ ሙስታንግ ጉብታ ሲሻገር ያ ከፍ ማለቱ ከሞላ ጎደል በርዝመቱ ይጠፋበታል፣ መሃል ሆዱ ይነካል። 911 ላይ የፊቱን አፍንጫ በ4 ሴንቲሜትር የሚያነሳ መሣሪያ በአማራጭነት ይገጠማል። ለፓራውልቱ ጥሩ ነው፤ የሚያነሳው ፊቱን ብቻ ስለሆነ ግን ሆዱን እምብዛም አይጠብቅም። በየሰፈሩ ነዋሪው ራሱ በሲሚንቶ የሠራቸው ጉብታዎች አንድ ልክ የላቸውም፤ ስፖርት መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከቤቱ እስከ ዋናው አስፋልት ያሉትን በሜትር ለክቶ፣ ከ10 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ካለ መኪናው በየቀኑ እንደሚላጭ ይወቀው። በሰያፍ መሻገር አፍንጫውን ያድናል፤ መሃሉን ግን ሁልጊዜ አያድንም።

ያገለገለ ስፖርት መኪና በክሪክ ሳይሆን በጉድጓድ ወይም በማንሻ ላይ ወጥቶ ከሥር መታየት አለበት። የዘይት ኮፓው ጠርዝ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት፣ የተበጠሰ የፕላስቲክ ሽፋን፣ በአዲስ ብሎን የታሰረ አሮጌ ሽፋን ካዩ መኪናው የት እንደኖረ ራሱ ተናግሯል። ሱፕራን በተመለከተ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ባለ 3.0 ሊትሩ አዲስ ሱፕራ ቶዮታ ይባል እንጂ ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነው፤ ኦቶማቲክ ካምቢዮውም ቢኤምደብሊው የሚጠቀምበት የዜድኤፍ ኩባንያ ሥራ ነው። በተራ የቶዮታ መለዋወጫ ሱቅ ፊልትሮውን እንኳ አገኛለሁ ብለው አይጠብቁ።

ስፖርት መኪናው የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ እሱም ቁልቁለቱ ነው። ጣሊያን የከፈተው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ በታች በመጠምዘዣ ላይ መጠምዘዣ እየደራረበ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 2,600 ኪሎ የሚመዝን ፎርባይፎር 1,000 ሜትር ሲወርድ ክብደቱ የሚፈጥረው ጉልበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጋል የሚወጣው ሙቀት ነው ይህ፤ ማርሽ ካልያዘው አብዛኛው የሚገባው በአራት ዲስኮች ውስጥ ነው። 911 1,500 ኪሎ ስለሆነ የሚመጣበት 4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ ከዚህ እጅግ ለሚከፋ አጠቃቀም የተሠራ። መጠምዘዣ ላይም አይዘነብልም። ከባድ ፎርባይፎር ይዞ የሚወርድ ሰው ግን ሥርዓት ይኑረው።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ከላይ ሳሉ፣ ኦቶማቲኩን ወደ እጅ ማርሽ አዙረው 2ኛ ወይም 3ኛ ላይ ያድርጉ። ፍሬን ላይ እግር አሳርፈው አይውረዱ፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ዲስኩ ንፋስ ያግኝ። ፔዳሉ ከለሰለሰ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ደጋግመው ይርገጡ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ከገደሉ ራቅ ብለው በተራራው በኩል ይቁሙ። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው፤ የጎንደር ክረምት ደግሞ እርጥበት አያንሰውም። ያገለገለ መኪና ገዝተው ከሆነ ሻጩ ምንም ቢልዎት ይህንን ዘይት መጀመሪያ ያስቀይሩ።

ፎርባይፎር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ትልቁ መለያያ ሞላው ነው። ላንድ ክሩዘር 300 የብረት ሞላና አሞርዛተር አለው። ሬንጅ ሮቨር በአየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ይቆማል፤ ፖርሽ ካየንም በአማራጭ እንዲሁ። ኤልኤክስ 570 በዘይት ግፊት ራሱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የአየሩ ምቾት ከሁሉም በላይ ነው፤ በኮብልስቶን ላይ ሻይ የማያፈስስ መኪና ነው። ግን ከረጢቱ ጎማ ነው፣ ሲታጠፍና ሲዘረጋ አቧራና ጠጠር በእጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ እያደር ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ይፈጠራል። አየር በቀስታ ይወጣል፤ ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በመጨረሻም እሱ ራሱ ይቃጠላል። ስለዚህ ኮምፕረሰር ብቻ ቀይሮ ከረጢቱን የተወ ሰው አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ይህንን ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና አንድ ሌሊት ነው። ማታ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ከቸርኬው መሃል እስከ ላዩ የአካል ጠርዝ በአራቱም ጎማ ይለኩና ይጻፉ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ በርም ሳይከፈት (አንዳንዶቹ በር ሲከፈት ራሳቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ) እንደገና ይለኩ። አንዱ ማዕዘን 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ ካደረ ያ ማዕዘን ያፈሳል። ሻጩ መኪናውን ለሌሊት አላሳድርም ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ። የብረት ሞላ ሲያልቅ መኪናው ይንጫጫል፣ ይወዛወዛል፤ ግን ይሄዳል። የአየሩ ሲያልቅ መኪናው ጎማው ላይ ይተኛል። ጎንደር ላይ የብረቱን እንመርጣለን፤ ለዚህም ነው የላንድ ክሩዘር ዋጋ ሲገዛም ሲሸጥም የማይወድቀው።

የስፖርት መኪና ፍቅር ያለበት፣ ቤተሰብም ያለው ሰው ካየንን ይመልከት። በአየር ሞላው እስከ 24.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፣ መሪው ከማንኛውም ፎርባይፎር ይልቅ ለ911 ይቀርባል። የከረጢቱ ፈተና ግን ለእሱም ይሠራል። የ911 የኋላ ወንበር ለሕፃናት ነው። እናትን ይዞ ቁስቋም ወይም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለመሳለም የሚወጣ ሰው አረጋውያን ጎንበስ ብለው ሊገቡበት፣ ሲመለሱም ሊወጡበት የማይችሉት መኪና እንደሆነ አስቀድሞ ያስብ።

ነዳጅ ላይ ሁለት ቃል። ለ911 አምራቹ የሚመክረው 98 ኦክቴን ነው፤ እዚህ ማደያ ላይ ግን ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው፣ የሚመረጥ የለም። ሞተሩ መንኳኳት ሲሰማ ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገየዋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በስስ አየር ምክንያት የመንኳኳት ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ቱርቦው ግን አየሩን መልሶ ስለሚጨምቅ ይህን ጥቅም አያገኝም። የጀሪካን ነዳጅ ደግሞ ለሁለቱም መርዝ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ናፍጣ ፎርባይፎር ከሆነ ጭስ ማጥለያ አለው። ማጥለያው የሚያጸዳው በረጅም ጉዞ ሲግል ነው፤ ከፒያሳ ማራኪ ብቻ የሚመላለስ መኪና ይደፈናል፣ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣም ያባብሰዋል። አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት በሌላ ታንከር የሚሞላ ፈሳሽ) የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሲያልቅ ሞተሩ አልነሳም ይላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላንድ ክሩዘር ለዚህ አገር የተመቸው እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው ስለሌሉበት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ከላይ ያሉት ሁሉ የሚገዙት አገር ውስጥ ካለው፣ ያገለገለ ነው። አዲስ የሚፈልግ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው። ባለ 100 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ትልቅ ፎርባይፎር ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ 730 ኪሎሜትሩን የአዲስ አበባ መንገድ ግን በአንድ ሙሌት አይጨርስም። በተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር ከተሞላ ከ45 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በ7 ኪሎዋት መሙያ 15 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ መኪናው ከመምጣቱ በፊት የቤቱ ቆጣሪና ገመድ ያንን መሸከሙን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስለኩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መሙያ ቀዳዳ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፤ የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይግዙ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝና ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ለሊማሊሞ የሚስተካከለው የለም፤ ደባርቅ አድረው የሞሉ እንደሆነ ግን 85 በመቶ ላይ ያቁሙት፤ ሙሉ ባትሪ የሚመጣውን የመቀበያ ቦታ የለውም፣ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ዲስኩ ይመለሳል።

ወረቀቱ ላይ አይቸኩሉ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይገጥም፤ ሻንሲው ላይ ዙሪያው የተቀባ ወይም የተሞረደ ከሆነ ይተዉት። ቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ የባንክ ዕግድ ካለበትም እንዲሁ። ይህንን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከትራንስፖርት ቢሮውና ከጉምሩክ ያጣሩ። በመጨረሻም ሁለቱንም ቁልፎች ይጠይቁና በእያንዳንዱ ሞተሩን ያስነሱ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ቁልፍ ከብረት ይልቅ ኮድ ነው፤ አንዱ ከጠፋ የሚሠራው በአምራቹ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ነው፣ ሁለተኛው ቁልፍ የት እንደሄደ የማይታወቅ መኪና ደግሞ ማታ ግቢዎ ውስጥ ቆሞ የማን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይችሉም።